እሳታቸውን ይዘው የሚሄዱት ጋሽ ኤርሲዶ

ጋሽ ኤርሲዶ ማረፋቸውን የሰማሁት ሱቅ ውስጥ ሲሊንደር እየመዘንኩ ሳለ ነው። ጋዝ ሊያስሞላ የመጣ አንድ የሰፈራቸው ሰው ዓይኑን ከሚዛኑ ሳያነሳ፣ «ያ መኪና ውስጥ የሚያድሩት ሽማግሌ ሞቱ እኮ» አለኝ።

«የትኛው?» አልኩት፤ የትኛው እንደሆኑ እያወቅሁ።

«ጋሽ ኤርሲዶ ናቸዋ። ልጃቸው ፎቅ ሠርቶላቸው፣ ፎቁን ዘግተው ሚኒባስ ውስጥ የሚተኙት። ትናንት ጠዋት ነው አሉ። የሚገርምሽ ደግሞ መኪናው ውስጥ አይደለም፤ ቤታቸው ውስጥ ነው የሞቱት።»

ሰውየው ሲሊንደሩን ባጃጅ ላይ ጭኖ ሄደ። እኔ ሚዛኑ አጠገብ ቆሜ ቀረሁ። ሆሳዕና ውስጥ ስለ እኚህ ሰው ያልተወራ ነገር አልነበረም። ትንሽ ነካ አድርጓቸዋል የሚል ነበር። ከልጃቸው ጋር ተጣልተው ነው የሚል ነበር። ዶዮገና ሌላ ሚስት አለቻቸው፣ ለዚያ ነው በየወሩ የሚሄዱት የሚልም አልጠፋም። እኔ እስከማውቀው ድረስ እውነቱን የምናውቀው ሦስት ሰዎች ነበርን፤ እሳቸው፣ ደቡብ አፍሪካ ያለው ልጃቸው እና እኔ። እኔ ዘመዳቸው አይደለሁም፣ የቤተ ክርስቲያናቸው ሰውም አይደለሁም። የጋዝ መጥበሻ የሸጥኩላቸው ሰው ነኝ።

መጀመሪያ ወደ ሱቃችን የመጡት የበልግ ዝናብ በጀመረ ሰሞን ነበር። ሱቃችን ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ነው፤ ምድጃ፣ ሲሊንደር፣ የጋዝ ጎማና መለዋወጫ እንሸጣለን። ባለ ሱቁ ከዚያ በፊት ባለው ዓመት አዲስ አበባ ሄዶ ሦስት ዓይነት የጋዝ መጥበሻ አምጥቶ ነበር፤ ግሪል የሚባለውን፣ ሥጋ የሚጠበስበትን፣ ታጥፎ መኪና ላይ የሚጫነውን። ውጭ ያሉ ልጆች ለወላጆቻቸው ትልልቅ ቤት ስለሚሠሩ ግቢው ውስጥ ሥጋ የሚጠብስ ሰው ይበዛል ብሎ ገምቶ ነው። አልበዛም። ሦስቱም መደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሰው ተቀመጡ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ረዘም ያሉ፣ ቀጭን ሽማግሌ እርጥብ ካፖርት ለብሰው ገቡ። ሰላምታ ሰጡኝና በቀጥታ ወደ ግሪሎቹ ሄዱ። ከመንካታቸው በፊት ሁለቱንም መዳፎቻቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠረግ ጠረግ አደረጉ። ይህ ልማዳቸው ነበር። የሰውም ይሁን የራሳቸው፣ ማንኛውንም ዕቃ እጃቸውን ሳይጠርጉ አይነኩም።

«ይኼ በነፋስ ይጠፋል?» አሉ ትንሹን እያሳዩኝ።

«አይጠፋም፣ ጋሼ።»

«አይተሻል?»

«አላየሁም፤ ግን…»

«እንግዲያው አላውቅም በይ። አላውቅም ማለት ነውር አይደለም።»

በዚያ ሱቅ አራት ዓመት ስሠራ እንዲህ ያለኝ ገዢ አልነበረም። ትንሽ አኮረፍኩ። ቢሆንም፣ «አላውቅም» አልኳቸው።

«ጥሩ። እንየዋ» አሉ።

«እንየዋ» የሳቸው ቃል ናት። የሞተር ድምፅ ሲቀየርባቸው፣ ሰማዩ ሲጠቁር፣ ሰው አንድ ነገር አይሆንም ሲላቸው፣ ራሳቸውን ወደ ግራ ጎን አዘንበል አድርገው «እንየዋ» ይላሉ። ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና የነዱ ሰው ናቸው። ዓይናቸው ያላየውን ነገር በወሬ አይቀበሉም።

ትንሹን ግሪል ወደ በረንዳው አወጣነው። እንደ ሻንጣ የሚዘጋ ቀላል ዕቃ ነው። ሲሊንደር አይፈልግም፤ በጣሳ የታሸገ ጋዝ ነው የሚገባለት። ለኮስኩት። ነፋሱ ከመንገዱ በኩል መጣና እሳቱን ወደ አንድ ጎን አጋደመው፤ ሁለት ጊዜ ጠፋ።

«ይኼ ጣሳ ዶዮገና ይገኛል?» አሉ።

«አላውቅም።»

«ሆመቾስ?»

«እኛም ጋ ያሉት እነዚሁ ናቸው፣ ጋሼ። ካለቁ ከአዲስ አበባ ነው የሚመጡት።»

«አየሽ፤ አሁን ሻጭ ሆንሽ» አሉኝ። ፈገግ ሲሉ ያየሁት ያኔ ነው፤ ቶሎ የሚጠፋ ፈገግታ ነበር።

ባለ ሱቁ ድምፃችንን ሰምቶ ከውስጥ መጣ። ቤታቸውን ያውቀዋል። ትልቁን፣ ተሽከርካሪ እግርና የሚያብረቀርቅ ክዳን ያለውን ግሪል እየገፋ አመጣና፣ «ለእርስዎ ዓይነት ባለ ፎቅ የሚመጥነው ይኼ ነው» አላቸው።

«ፎቁ ሥጋ አይበላም» አሉ ጋሽ ኤርሲዶ።

ባለ ሱቁ ሳቀ። እሳቸው ግን የትልቁን ክዳን አንስተው ውስጡን በጣታቸው እየለኩ ነበር። እኔም እንግዲህ ልርዳቸው ብዬ፣ «ለስንት ሰው ነው የሚፈልጉት፣ ጋሼ?» አልኳቸው።

ክዳኑን ቀስ አድርገው መለሱት።

«ለሁለት» አሉ። «ሁለት ሰው የሚበቃ።»

የዚያን ቀን ሳይገዙ ሄዱ። በሦስተኛው ቀን ሜትርና አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት ይዘው ተመለሱ። ወረቀቱ ላይ የመኪናቸውን ጀርባ በእርሳስ ስለውታል፤ አልጋው የት እንደሆነ፣ በሩ በየት በኩል እንደሚከፈት፣ ምን ያህል ቦታ እንደቀረ። ሦስቱንም ግሪሎች ለክተው ቁጥሩን ጻፉ። አሁንም ሳይገዙ ሄዱ። ባለ ሱቁ፣ «እኚህ ሰውዬ ምድጃ ነው ሚስት ነው የሚመርጡት?» አለ።

በሦስተኛው ጊዜ ሚኒባሷን ይዘዋት መጡ። ልጃቸው እያሱ ሰው እያመላለሱ እንዲተዳደሩባት የገዛላቸው መኪና ናት። ወንበሮቿን በሙሉ አስወጥተው አልጋ አስበይደውባታል። በመስኮቶቿ ሰማያዊ መጋረጃ፣ በአልጋው ራስጌ አንድ መጽሐፍ ቅዱስ፣ በግርጌው አንድ የዕቃ ሣጥን አለ። ከኋላዋ፣ በውጭ በኩል፣ ሲሊንደር የሚቆምበት የብረት ሳጥን አሠርተውላታል።

«ለምን ውስጥ አያስገቡትም?» አልኳቸው።

«ጋዝ ከሰው ጋር አያድርም።» ከዚያ ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ። በሹፍርና ዘመናቸው አንድ ባልንጀራቸው ከረዳቱ ጋር፣ ብርድ በርትቶባቸው፣ የጭነት መኪናው ጋቢና ውስጥ ከሰል አንድደው መስኮት ዘግተው ተኙ። ጠዋት በሩን የከፈቱት ጋሽ ኤርሲዶ ነበሩ። «ተኝተው ነው የመሰለኝ» አሉኝ። «ፊታቸው ደህና ነበር። ቀስቅሼያቸው ሻይ እንጠጣለን ብዬ ነበር።»

የመረጡት መካከለኛውን ነው። የሚታጠፍ እግር፣ ከባድ የብረት ሰሌዳ፣ እሳቱን ከነፋስ የሚከልል ክዳን አለው፤ በጎማ ከትንሽ ሲሊንደር ጋር ይያያዛል። ሲሊንደሩ ደግሞ በየትኛውም ከተማ ይሞላል። ግን እንዲሁ አልወሰዱትም። አንደኛው እግሩ ከሌሎቹ ማጠሩን ያገኙት እሳቸው ናቸው፤ ዓመት ሙሉ መደርደሪያ ላይ ሲቀመጥ እኛ አላየነውም። ጎማው ቀጭን ነው ብለው አስቀየሩን። ከዚያ የልብስ ሳሙና በጣሳ በጥብጠው አረፋውን በጎማውና በመገናኛው ዙሪያ ቀቡና ጋዙን ከፈቱ። አንድ ቦታ ላይ አረፋው ቀስ እያለ ተነፋ።

«ይኸውልሽ» አሉኝ። «ጋዝ አይታይም። አፍንጫም አንዳንዴ ይሳሳታል። ሳሙና ግን ይነግርሻል። ለምትሸጭለት ሰው ሁሉ ይኼን ሳታሳዪ አትስጪ።»

እስከ ዛሬ ሳላሳይ ለማንም አልሰጥም።

ማሠሪያውን አጠበቅነው። አረፋው መነፋቱን አቆመ። እሳቸው ግን ገና አልጨረሱም፤ ግማሽ ኪሎ ሥጋ በጋዜጣ ጠቅልለው ይዘው መጥተው ነበር። ግሪሉን ሆን ብለው የበረንዳው ደረጃ አጠገብ፣ መሬቱ የተዳፋበት ቦታ ላይ አቆሙት። ካጠረው እግር ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ አደረጉ። ለኮሱ። ነፋስ ነበር፣ አልጠፋም። ሥጋው ሲሸት ባጃጅ ነጂው፣ ጎረቤት ያለው ልብስ ሰፊ፣ አላፊ አግዳሚው ቆመ። በጥርስ መጎርጎሪያ እየወጉ ለሁሉም አደሉ። እኔ ጋ ሲደርሱ፣ «ጾም ላይ ነኝ፣ ጋሼ» አልኳቸው።

እጃቸውን መለሱ። «ይቅርታ። የመምህሩ ልጅ ነሽ ለካ።» አባቴ ከጎጃም በመምህርነት ተመድቦ የመጣ ሰው ነው፤ ብዙ የሆሳዕና ሰው የሚያውቀኝ በሱ ነው። ጋሽ ኤርሲዶ ከዚያን ቀን በኋላ በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም፤ «የመምህሩ ልጅ» ነው የሚሉኝ።

በሳምንቱ ሱቁ በር ላይ መጥተው ቆሙ። አዲስ ነገር ሊገዙ መስሎኝ ነበር። በላስቲክ አራት ድንች ይዘዋል። «የዶዮገና ነው። ሰሌዳውን በሙቅ ውኃና በሳሙና አጥቤዋለሁ፤ የሥጋ ነገር አልነካውም» አሉኝ። እዚያው በረንዳው ላይ ድንቹን ጠብሰው፣ በጨውና በሚጥሚጣ ሰጡኝ። እሳቸው አንዷን ብቻ ቀመሱ። እኔ ስበላ ዘወር ብለው መንገዱን ያያሉ፤ ሰው አብሯቸው ሲበላ ደስ እንዳላቸው ግን ከጀርባቸው ያስታውቅ ነበር።

ቤታቸውን ያየሁት ሲሊንደር ላደርስላቸው ሄጄ ነው። በሩን ራሳቸው ከፈቱልኝ። ግቢው ሙሉ በሙሉ በንጣፍ ድንጋይ ተሸፍኗል፤ አንድ የሣር ዘለላ የለም። ባለቤታቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ቤቱን አላዩትም። ፎቁን ላሳይሽ ብለው ከክፍል ክፍል ወሰዱኝ። ሶፋዎቹ የመጡበትን ላስቲክ ገና አላወለቁም። «ይኼ የእያሱ ክፍል ነው። ይኼ የልጆቹ ነው» ይሉኛል። እያሱ አላገባም፣ ልጅም የለውም። ወረቀት ስለሌለው ከሄደ ጀምሮ አልተመለሰም። ትልቁ ሳሎን መሐል ስንደርስ ቆሙና፣ «እዚህ ቤት ውስጥ ስናገር ድምፄ ይመለስብኛል» አሉኝ። «መኪናዋ ውስጥ አይመለስም።»

ከፋሲካ በኋላ ባለ ሱቁ ዶዮገና ላለ አንድ ምግብ ቤት የሸጥነውን ምድጃ አይቼ እንድመጣ ላከኝ። ጋሽ ኤርሲዶም በዚያው ቀን ሊሄዱ ነበርና አብሬያቸው ሄድኩ። መንገዱን ሁሉ ስለ ድሮዋ አይሱዙ አወሩኝ፤ የትኛው ቁልቁለት ላይ ፍሬን እንደበጠሰች፣ የትኛው ጭቃ ውስጥ ሁለት ቀን እንዳደረች። ዶዮገና ስንደርስ ጭጋጉ እንሰቱ ላይ ተኝቶ ነበር። ሥራሽን ስትጨርሺ እዚህ ነኝ ብለው ቦታውን አሳዩኝ።

ሥራዬን ጨርሼ ስመለስ መኪናዋ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ከአንድ የቀርከሃ አጥር ፊት ለፊት ቆማለች። ግሪሉ ከኋላዋ ተዘርግቷል። ጋሽ ኤርሲዶ ሥጋ እየከተፉ ነው። ከደቂቃዎች በኋላ አንዲት እናት ጎመን ተሸክመው ከማሳው በኩል መጡ። በከምባትኛ ሰላምታ ተለዋወጡ፤ ከዚያ እኔ ስላለሁ ነው መሰለኝ በአማርኛ ቀጠሉ።

«ዛሬም መጣህ?»

«መጣሁ፣ የምናሴ እናት።»

«መኪናህን ትንሽ ፈቀቅ አድርገው። ከብት ያልፋል።»

«እሺ።»

ሴትየዋ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ የማን ልጅ ነሽ? ዝናብ ሊመጣ ነው፤ ግቢ።»

ጋሽ ኤርሲዶን አየኋቸው። እሳቸውን ግቡ ያላቸው የለም፤ እሳቸውም የጠበቁ አይመስሉም። «ግቢ፣ ግቢ» አሉኝ። «ሙቅ ቤት ነው። ድሮ አውቀዋለሁ።»

ገባሁ። የምናሴ እናት ቆጮ በጎመንና በአይብ አቀረቡልኝ። ዝናቡ ቆርቆሮውን መምታት ጀመረ። በተከፈተው መስኮት ጋሽ ኤርሲዶ ይታያሉ፤ የሚኒባሷን የኋላ በር ወደ ላይ ከፍተው ከሥሩ ተጠልለዋል። የግሪሉን ክዳን ዘግተው፣ ሳህን በእጃቸው ይዘው፣ ቆመው ይጠብቃሉ።

«መንገድ ላይ ምን አለሽ?» አሉኝ የምናሴ እናት።

«ስለ ድሮ መኪናቸው ነው ያወሩኝ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ምንም።»

ትከሻቸው ወረድ ሲል አየሁ። የሆነ ቂም በመሐላቸው ያለ መሰለኝ፤ «ስሜን አጥፍቶ ይሆን?» ብለው የፈሩ መሰለኝ። ጠጋ ብለው በመስኮቱ አዩ።

«ብቻውን ነው የሚበላው» አሉ። ጥያቄ አልነበረም። መስኮቱን ግን አልዘጉትም፤ ብርድ እየገባ ክፍት ተዉት።

ወደ ሆሳዕና ስንመለስ ጋሽ ኤርሲዶ የመጀመሪያውን ቁልቁለት እስክንጨርስ ነዱ። ከዚያ መኪናዋን ዳር አስይዘው ሞተሩን አጠፉ።

«ምን ጠየቀችሽ?»

«መንገድ ላይ ምን እንዳሉኝ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ መሪውን በሁለት እጃቸው እንደያዙ ነገሩኝ። ምናሴ የእያሱ ጓደኛ ነበር። ሁለቱ ልጆች ደቡብ አፍሪካ እንሄዳለን ብለው ሲነሱ፣ እስከ ሞያሌ በአይሱዙዋቸው የወሰዷቸው ጋሽ ኤርሲዶ ናቸው። የምናሴ እናት ስንቅ ይዘው መንገድ ድረስ ወጥተው፣ «ባንተ ጥዬዋለሁ» አሏቸው። እያሱ ደረሰ። ምናሴ አልደረሰም። እያሱ ለስምንት ዓመት፣ «መንገድ ላይ ሌላ መኪና ላይ ጫኑት፣ ከዚያ አላየሁትም» ሲል ኖረ። እናትየዋም ሌላኛው መኪና አንድ ቦታ አድርሶት ይሆናል ብለው ኖሩ።

«ባለፈው ዓመት ደወለልኝ» አሉ ጋሽ ኤርሲዶ። «ሲያለቅስ ቃሉ አይሰማም። ምናሴ ማላዊ ጫካ ውስጥ ወባ ይዞት ሞቷል። እያሱ ሁለት ቀን አጠገቡ ተቀምጦ ነበር፤ የቀበረውም እሱ ነው። አባዬ፣ እኔ አልችልም፣ አንተ ንገራት አለኝ።»

«አልነገሯቸውም?»

«በየወሩ ልነግራት እሄዳለሁ። አታስገባኝም። መርዶ ደግሞ በር ላይ ቆሞ አይነገርም፤ ቤት ተገብቶ፣ ተቀምጦ ነው። ዛሬ ካልሆነ ነገ ጠዋት ታስገባኝ ይሆናል ብዬ እዚያው አድራለሁ። ጠዋትም አታስገባኝም።»

«ሽማግሌ ለምን አይልኩም?»

«እኔ ነኝ የወሰድኩት። በሰው ጀርባ ልደበቅ?»

«ሆቴል ለምን አያርፉም ታዲያ? ብርዱ…»

«ከተማው ትንሽ ነው። ሆቴል ባርፍ ማንን ልትጠይቅ መጣህ ይሉኛል። ምን እላቸዋለሁ? ከሷ በፊት ለሌላ ሰው ልናገር?» መኪናዋን አስነሱ። «አሁን እንኳ ላንቺ መናገሬ ስህተት ነው። ግን ከበደኝ፣ የመምህሩ ልጅ።»

ከዚያ በኋላ ከአንድ ዓመት በላይ ሄደዋል። በየወሩ ሲሊንደር ሊያስሞሉ ይመጣሉ። ሰው ፊት አልጠይቃቸውም፤ በዓይኔ ብቻ አያቸዋለሁ። «ደህና ናት» ይሉኛል። እንዳልነገሯቸው በዚህ አውቃለሁ። አንዳንዴ፣ «አጥሯን ጠገንኩላት፤ ዝም አለችኝ» ይሉኛል። አንድ ጊዜ ጠዋት ሲነሱ በመኪናዋ ጎማ አጠገብ አንድ እቅፍ የተፈለጠ እንጨት ተቀምጦ እንዳገኙ ነገሩኝ። «ግሪሉን አይታ እንጨት ትሰጠኛለች?» ብለው ገረማቸው። እኔም ገረመኝ።

በመጨረሻው ክረምት እግራቸው አበጠ፣ ትንፋሽ አጠራቸው። መንዳት አቆሙ። ጎረቤቶች መኪና ውስጥ አይተኙም ብለው ተሸክመው ፎቁ ሳሎን ውስጥ አስተኟቸው። ልጠይቃቸው ስሄድ ላስቲኩ ያልወለቀ ሶፋ ላይ በብርድ ልብስ ተጠቅልለው አገኘኋቸው። በተነቃነቁ ቁጥር ላስቲኩ ይንኮሻኮሻል።

«አልነገርኳትም» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ከፈለጉ እኔ…»

«አይሆንም። አንቺ ንገሪያት አልልሽም። ሲሻለኝ እሄዳለሁ።» ከዚያ ራሳቸውን ወደ ግራ አዘንበል አድርገው፣ «እንየዋ» አሉ።

አልተሻላቸውም።

ቀብራቸው ላይ ብዙ ሰው ነበር። እያሱ መምጣት አልቻለም፤ አንድ የአጎቱ ልጅ ስልኩን ከፍ አድርጎ ይዞ መቃብሩን ያሳየው ነበር። መጨረሻ ላይ ሰዉ ሲበተን ስልኩ እጄ ላይ ደረሰ። በመስታወቱ ውስጥ አንድ የሰላሳ ዓመት ሰው፣ ከኋላው በዕቃ የተሞላ ሱቅ፣ ዓይኑ አብጦ ይታያል። ማን እንደሆንኩ ነገርኩት። አባቱ ስለ እኔ አውርተውለት ነበር።

«አባዬ ነገራት?» አለኝ።

መልስ ሳልሰጠው አንድ አጎቱ ስልኩን ከእጄ ወሰዱት።

የምናሴ እናት ቀብሩ ላይ አልነበሩም። የነገራቸው ሰው አልነበረም። ሳምንቱን ሙሉ፣ አንቺ ንገሪያት አልልሽም ያሉኝን እያሰብኩ ቆየሁ። ቅዳሜ ጠዋት በመጀመሪያው መኪና ወደ ዶዮገና ሄድኩ።

የምናሴ እናት በራፋቸው ላይ ቆመው መንገዱን ያዩ ነበር። እኔን ሲያዩ ዓይናቸው ከኋላዬ ሚኒባሷን ፈለገ።

«መኪናው የለም» አሉ።

«የለም፣ እማማ።»

«ወር አለፈው። ታሞ ነው?»

«አርፈዋል፣ እማማ። ባለፈው ሳምንት ነው የተቀበሩት።»

አልጮሁም። የአጥሩን ቀርከሃ ይዘው ቀስ ብለው መሬቱ ላይ ተቀመጡ። እኔም አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ከፊት ለፊታችን መኪናዋ ትቆምበት የነበረው ቦታ ላይ ሣሩ ተኝቶ ቢጫ ሆኗል። ብዙ ጊዜ እሱን አዩ።

«ጋሽ ኤርሲዶ ሊነግሩዎት የፈለጉት ነገር ነበር» አልኩ በመጨረሻ።

«አውቃለሁ።»

«ምን እንደሆነ ያውቃሉ?»

«በዚያ መኪና መጀመሪያ የመጣ ቀን ፊቱን አየሁት። ስንት ዓመት የማውቀው ሰው ነው። መርዶ የያዘ ሰው ፊት ይታወቃል።» በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ጠረጉ። «ግባ ካልኩት ይቀመጣል። ከተቀመጠ ይነግረኛል። ከነገረኝ ልጄ የለም። ውጭ ከሆነ ግን አይናገርም፤ ሥርዓት የሚያውቅ ሰው ነው። ለዚህ ነው ያላስገባሁት።»

ከትከሻቸው የወረደውን ነጠላ መለስኩላቸው።

«ጠልታኝ ነው ብሎ ነው የሞተው?»

«አንድ ቀንም እንዲህ ብለው አያውቁም።»

«ጠልቼው አይደለም። ጠዋት ስነሳ መኪናው ቆሞ ሳየው፣ ዛሬም አልተነገረኝም፣ ዛሬም አለ እል ነበር።» ቢጫ ወደሆነው ሣር አመለከቱ። «በብርድ አሳደርኩት። ሽማግሌ ሰው በብርድ አሳደርኩት።»

ያኔ አለቀሱ። ያለቀሱት ለማን እንደሆነ አላውቅም፤ ለሁለቱም ይመስለኛል። ከቆየ በኋላ ተነሱና ፊታቸውን ታጠቡ። ወደ ጎረቤት ተጣርተው ሁለት ሴቶችና አንድ ሽማግሌ አስመጡ። ቤት ገባን። ሁላችንም ከተቀመጥን በኋላ፣ «አሁን ንገሪኝ» አሉኝ።

ነገርኳቸው። ጋሽ ኤርሲዶ መሪውን ይዘው እንደነገሩኝ፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ ነገርኳቸው። ወባውን፣ ሁለቱን ቀን፣ እያሱ በእጁ መቅበሩን። ሴቶቹ አለቀሱ፣ ሽማግሌው ጸለዩ። ቤቱ ከሰዓት እስኪሆን በጎረቤት ተሞላ።

ልሄድ ስነሳ የምናሴ እናት እጄን ያዙኝ። «የልጁ ስልክ አለሽ?»

አለኝ፤ ከቀብሩ በኋላ ከአጎቱ ልጅ ተቀብዬው ነበር። ደወልኩና ሰጠኋቸው። ስልኩን በሁለት እጃቸው ጆሯቸው ላይ ለጠፉት። ከዚያኛው በኩል ሃሎ የሚለው ድምፅ እኔም ጋ ተሰማ።

«እያሱ፣ እኔ ነኝ፣ የምናሴ እናት» አሉ። ከወዲያ ልቅሶ ተሰማ። «አታልቅስ፣ ልጄ። አባትህ ነግሮኛል። ቤቴ ገብቶ፣ ተቀምጦ ነው የነገረኝ።»